የማይካፈሉት ሥራ፤ የኮምፒዩተር መሐንዲሱ የጂን አምዳል ሕይወት



በፈተና ሰሞን የአንድ ክፍል ኃላፊ መምህር ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል ከዚህ ጉባኤ መካከል የማያውቅ አይገኝም። ወረቀቱ ተከምሮ፣ የቀዩ እስክሪብቶ ቀለም እያለቀ፣ ርእሰ መምህሩም ሮስተሩ ለነገ ይድረስ እያሉ ሲያስቸኩሉ፣ ሥራው በጠቅላላው የዐሥር ሰዓት ሥራ ነው ቢባል፤ ዘጠኙ ሰዓት ወረቀት ማረሚያ ነው። የቀረው አንድ ሰዓት ግን የታረመውን ውጤት በሮስተሩ ላይ ማስፈሪያ፣ መደመሪያ፣ አማካዩን ማውጫና የተማሪዎቹን ደረጃ መወሰኛ ነው። ባልደረቦቹ አዝነውለት ዘጠኝ ሰዎች ሆነው ወረቀቱን ቢካፈሉት እርማቱ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ሮስተሩ ግን በአንድ እጅ የሚሞላ ስለ ሆነ፣ ደረጃም የመጨረሻው ተማሪ ውጤት ሳይታወቅ ሊወጣ ስለማይችል፣ ያ አንዱ ሰዓት ከቦታው አይነቃነቅም። እንግዲህ ዘጠኝ ሰዎች ተሰብስበው የዐሥሩን ሰዓት ሥራ በሁለት ሰዓት ጨረሱት ማለት ነው፤ ዘጠኝ እጥፍ ይፈጥናል ሲባል የፈጠነው አምስት እጥፍ ብቻ ሆነ። ዘጠና ሰዎች ቢሰበሰቡ እርማቱ ወደ ስድስት ደቂቃ ይወርዳል፤ ጠቅላላው ሥራ ግን ከአንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ አያንስም። ሺህ ሰው ቢመጣም ዐሥር እጥፍ ከሚባለው ፍጥነት ላይ አይደረስም።

ይህ ነገር ለመምህር እንግዳ አይደለም። ባልትና ለሚያውቅም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሊጥ ለመቡካት ሦስት ቀን ከፈለገ ሦስት ሴቶች ስለ ጠበቁት በአንድ ቀን አይቦካምና። ሆኖም ይኸው ቀላል ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ ለተሰበሰቡ የኮምፒዩተር ሊቃውንት በቀረበ ጊዜ የጋለ ክርክር ተነሥቶበታል። ያቀረበው ሰው ጂን አምዳል ይባላል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ «የኮምፒዩተር መሐንዲስ እሆናለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። መሐንዲሱ ሲነጋ ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ ግን ተማሪው ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል፤ መምህሩም ሲጠየቅ አንዳንድ ጊዜ ያጥረዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ አንድ ልዩ ዘርፍ አለ፤ ይኸውም የኮምፒዩተርን የሥራ ፍጥነት የሚመረምረው ዘርፍ ነው። የዚህ ዘርፍ መሐንዲስ «መኪናው ምን ያህል ይሮጣል» ብሎ በመጠየቅ ብቻ አይረካም፤ «ጊዜው የሚጠፋው የት ላይ ነው? ማን ማንን ይጠብቃል?» ብሎ ይመረምራል እንጂ። የአምዳል ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ስለ ሆነ ለተማሪ ከሚሰጥ ማብራሪያ ሁሉ ይሻላል።

ጂን አምዳል በ1922 ዓ.ም. በሳውዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛት በፍላንድሮ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ዘሩ ከኖርዌይና ከስዊድን ፈልሰው ከመጡ ሰዎች ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱን የተማረው የልዩ ልዩ ክፍል ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ በሚማሩበት የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ኤሌክትሪክ ወደ ቤታቸው የገባው እርሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በጀመረበት ዘመን አካባቢ ነው። የኋላው የዓለም ታላቅ ኮምፒዩተር ሠሪ ልጅነቱን ያሳለፈው በኩራዝ ብርሃን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል ውስጥ ሲያገለግል ኤሌክትሮኒክስ ተማረ፤ ከዚያም ወደ አገሩ ኮሌጅ ተመልሶ በ1948 ዓ.ም. በምህንድስና ፊዚክስ ተመረቀና ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

የሄደው የፊዚክስ ሊቅ ሊሆን እንጂ ኮምፒዩተር ሊሠራ አልነበረም። ነገሩን የለወጠው በ1950 ዓ.ም. የደረሰበት አንድ ወር ነው። ለእርሱና ለሁለት የትምህርት ጓደኞቹ አንድ ጥያቄ ተሰጣቸው፤ ይኸውም በአቶም እምብርት ውስጥ ባሉ ሦስት ቅንጣቶች መካከል አለ ተብሎ የታሰበ አንድ ኀይል ቅንጣቶቹን አያይዞ ሊያኖር ይችል እንደ ሆነ በስሌት እንዲያረጋግጡ ነበር። መሣሪያቸው አንድ ስላይድ ሩልና አንድ የጠረጴዛ የሂሳብ መኪና ብቻ ነው። ሦስቱ ወጣቶች ሠላሳ ቀን ሙሉ ሲያሰሉ ቆዩ። ከሠላሳ ቀን በኋላ የተገኘው መልስ «አይችልም» የሚል ሆነ። ለሳይንስ «አይችልም» የሚለውም መልስ መልስ ነው፤ አምዳልን ያስጨነቀው መልሱ ሳይሆን መንገዱ ነው። አንድ የታሰበ ኀይል ለመመርመር ሦስት ሰዎች አንድ ወር ከፈጀባቸው፣ ሌሎች ሊታሰቡ የሚችሉትን ለመመርመር ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ከፊዚክሱ ይልቅ የስሌቱ መኪና ሐሳቡን ያዘው።

የዶክትሬት ጽሑፉን በ1952 ዓ.ም. ያቀረበው በንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ክፍል ሆኖ ሳለ፣ የጽሑፉ ጉዳይ ግን መካከለኛ ፍጥነት ያለው የዲጂታል ኮምፒዩተር ንድፍ ነበር። በዚህ ንድፍ መሠረት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዊስክ የተባለችውን ኮምፒዩተር ሠሩ። ተማሪዎች በእጃቸው ሽቦ እየበየዱ የሠሯት ይህች መኪና ዛሬ በካሊፎርኒያ በኮምፒዩተር ታሪክ ቤተ መዘክር ትገኛለች።

ዊስክ ቁጥሮቿንና ትዕዛዞቿን የምታስቀምጠው በሚሽከረከር የማግኔት ከበሮ ላይ ነበር። ከበሮው ዞሮ ተፈላጊው ቁጥር እስኪደርስ ድረስ መኪናዋ ሥራ ፈታ መጠበቅ ሊኖርባት ነው። አምዳል ግን ይህን የመጠበቂያ ጊዜ እንዲሁ እንዲያልፍ አልተወውም። አንዱ ትዕዛዝ በሚፈጸምበት ጊዜ ለሚቀጥለው ትዕዛዝ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች እየተነበቡ፣ የቀደመው ውጤት ደግሞ እየተጻፈ እንዲቆይ አድርጎ ነደፋት። እንጀራ የምትጋግር ሴት አንዱ ምጣድ ላይ ሳለ የሚቀጥለውን ሊጥ ቀድታ፣ የበሰለውን በሰፌድ አውጥታ እንደምታስቀምጥ ማለት ነው፤ ምጣዱ የሚፈልገው ጊዜ አላጠረም፣ እጅ ግን ሥራ አልፈታም። ይህ አሠራር በኋላ የፈጣን ኮምፒዩተሮች ሁሉ መሠረት ሆኗል። በዚያን ዘመን ግን ገና የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያልሞላው ተማሪ ሐሳብ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. አይ ቢ ኤም ወደሚባለው ታላቅ ኩባንያ ገባ። በዚያም የ704 ኮምፒዩተር ንድፍ ዋና መሐንዲስ ሆነ። 704 የነጥብ ቁጥሮችን ስሌት በፕሮግራም ሳይሆን በራሱ አካል የሚሠራ በመሆኑ ለሳይንስ ሰዎች ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በመጀመሪያ የተዘጋጀው ለዚሁ መኪና ነው። አምዳል በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ ኩባንያውን ለቆ በካሊፎርኒያ በሌሎች ድርጅቶች ቆየና በ1960 ዓ.ም. ተመለሰ። ከኩባንያው ሁለት ጊዜ መውጣቱ ጠባዩን ያስረዳል፤ ሥራው የታሰረ መስሎ በታየው ጊዜ ደመወዝና ማዕረግ የሚያስቀሩት ሰው አልነበረም።

ሲመለስ የተሰጠው ሥራ የዕድሜውን ትልቁን ስም አስገኘለት። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች አንዱ የሌላውን ፕሮግራም አያውቅም ነበር። አንድ ባንክ ትንሹን ኮምፒዩተር ገዝቶ ሥራው ሲሰፋ ትልቁን ልግዛ ቢል ለዓመታት ያጻፈውን ፕሮግራም ሁሉ ጥሎ እንደገና ማስጻፍ ነበረበት። ሲስተም 360 ተብሎ ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ዓ.ም. ለዓለም የተገለጸው አዲሱ የኮምፒዩተር ቤተ ሰብ ይህን ችግር አስወገደ። በአንድ ቀን ስድስት ሞዴሎች ተገለጹ፤ ከታናሹ እስከ ታላቁ ያለው የፍጥነት ልዩነት ወደ ኀምሳ እጥፍ ሲደርስ፣ ለአንዱ የተጻፈው ፕሮግራም ለሌላውም ያገለግላል። የሥራው አስተዳዳሪ ፍሬድ ብሩክስ ሲሆን፣ ንድፉን አምዳል፣ ኼሪት ብላው እና ብሩክስ በዚያው ዓመት በጋራ ባወጡት ጽሑፍ አስረድተዋል። ፕሮግራም ጸሓፊው የሚያየውን የመኪናውን ሕግ ከውስጡ ሽቦና ብረት ለይተው «አርክቴክቸር» ብለው የሰየሙት በዚያው ሥራ ነው። እንደ ሰዋስው ማለት ነው፤ ሰዋስው አንድ ከሆነ ድምፁ ቀጭንም ሆነ ወፍራም ንግግሩ ይሰማል።

በዚህ ሥራ ላይ ከተነሡት ክርክሮች አንዱ ለፊደል ወዳጆች ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። አንድ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ በስንት ቢት ይጻፍ? በዚያን ዘመን የተለመደው ስድስት ነበር። ስድስት ቢት 64 ልዩ ልዩ ምልክቶችን ብቻ ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አቢይ ሆሄና አኃዙ ገብተው ጥቂት ነጥቦች ከተጨመሩ ያልቃል። ከረጅም ክርክር በኋላ ስምንት ቢት እንዲሆን ተወሰነ፤ ስምንት ቢት 256 ምልክት ይይዛል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸውና፣ መሐንዲሶቹ ግዕዝን ባያስቡም፣ ሀ ሁ ሂ በስድስቱ ቢት ቤት በር ላይ ትቀር እንደ ነበርና በስምንቱ ግን እንደምትገባ ማንም መምህር በኖራ ሊያሰላው ይችላል።

አምዳል በ1965 ዓ.ም. የኩባንያው ከፍተኛ የሳይንስ ማዕረግ ተሰጥቶት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአትላንቲክ ሲቲው ጉባኤ የተናገረው በዚህ ክብር ላይ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሊቃውንት የአንዱ ኮምፒዩተር ፍጥነት ወሰኑ ላይ ስለ ደረሰ ከእንግዲህ ብዙ አንጎሎችን በአንድነት ማሠራት ይሻላል ይሉ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ዳንኤል ስሎትኒክ ነበር፤ እርሱ ያቀደው ኢሊያክ አራት የተባለው መኪና 256 አንጎሎች እንዲኖሩት ታስቦ ኋላ 64 ይዞ የተሠራ ነው። አምዳል ሦስት ገጽ ብቻ በሆነ ጽሑፍ መለሰ። ክርክሩ በምኞት ላይ የቆመ አልነበረም። በዐሥር ዓመት ልምድ እንደ ታየው፣ ኮምፒዩተር ከሚፈጽማቸው ትዕዛዞች 40 በመቶ ያህሉ ቁጥር ለማቅረብ፣ ለማስተካከልና ቦታ ለማስያዝ የሚውሉ የቤት ውስጥ ሥራዎች ናቸው፤ እነዚህም ተራ በተራ የሚሠሩ ናቸው እንጂ ለብዙ አንጎሎች የሚካፈሉ አይደሉም። ይህ ክፍል በልዩ መሣሪያ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ ጠቅላላው ፍጥነት ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ አያልፍም አለ። አስደናቂው ነገር፣ ዛሬ የአምዳል ሕግ ተብሎ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘው ቀመር በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ቀመሩን በኋላ የጻፉት ሌሎች ናቸው።

የሮስተሩ ምሳሌ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። የማይካፈለው ክፍል ከዐሥር አንድ ከሆነ የፍጥነቱ ጣሪያ ዐሥር እጥፍ ነው፤ ከሃያ አንድ ከሆነ ሃያ እጥፍ ነው። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የአራሚውን ቁጥር ከማብዛት ይልቅ የሮስተሩን አንድ ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ማውረድ የበለጠ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። የፍጥነት መሐንዲስ ሙያው ይህን ጊዜ ለይቶ ማወቅ ነው።

አምዳል በካሊፎርኒያ እጅግ ፈጣን ኮምፒዩተር ለመሥራት የነበረው ዕቅድ በ1969 ዓ.ም. በኩባንያው ተሰረዘ። ምክንያቱ የምህንድስና ብቻ አልነበረም። ኩባንያው የኮምፒዩተሮቹን ዋጋ እንደ ፍጥነታቸው በደረጃ ያወጣ ስለ ነበረ፣ ከሁሉ የሚልቅ መኪና ቢመጣ ወይ ኪሳራ ያመጣል ወይም የሌሎቹን ዋጋ ያፈርሳል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ወጣና በስሙ የተጠራ ኩባንያ አቋቋመ። ሐሳቡ ደፋር ነበር፤ የ360ን ሰዋስው ሳይለውጥ ከአይ ቢ ኤም የፈጠነና ያነሰ ቦታ የሚይዝ መኪና ሠርቶ ለዚያው ለአይ ቢ ኤም ደንበኛ መሸጥ ነው። ሰዋስውን ከጻፉት አንዱ ራሱ ስለ ነበረ ማንም ከእርሱ የተሻለ ሊያውቀው አይችልም። ገንዘብ ማግኘቱ ግን ከንድፉ ይልቅ አስቸገረ፤ በመጨረሻ ዋና ረዳት ሆኖ የተገኘው የጃፓኑ ፉጂትሱ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው 470ቪ/6 በ1975 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለሚገኘው የናሳ የሕዋ ጥናት ተቋም ተሰጠ። የተፎካካሪው ትልቅ መኪና በውሃ ሲቀዘቅዝ የአምዳል ግን በአየር ብቻ ይቀዘቅዝ ነበር።

ገበያው ግን በፍጥነት ብቻ የሚሸነፍ አልሆነም። ሻጮች በገዢው ልብ ውስጥ የሚዘሩትን ፍርሃት፣ ማመንታትና ጥርጣሬ አምዳል በሦስት ቃል ሰብስቦ ስም አወጣለት፤ ቃሉም እስከ ዛሬ በንግድ ዓለም ይነገራል። ገዢዎችም ብልኆች ነበሩ፤ የአምዳል ኩባንያ ስም ያለበትን የቡና ኩባያ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው የአይ ቢ ኤምን ሻጭ ዋጋ ያስቀንሱት ነበር ይባላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ውድቀት ነው፤ ይህም ለተማሪ ሊነገር እንጂ ሊሸፈን አይገባውም። አምዳል በ1980 ዓ.ም. ትሪሎጂ የተባለ ሌላ ኩባንያ ከልጁና ከአንድ ባልደረባው ጋር አቋቁሞ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ያሰበው ይህ ነው፤ በዚያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ቺፕ የሚሠራው በአንድ ክብ የሲሊኮን ገበታ ላይ ብዙ ትንንሽ ቺፖች ተቀርጸው፣ ተቆርጠው፣ ብልሹው ተጥሎ ነው። ቁርጥራጮቹን እንደገና በሽቦ ለማገናኘት የሚጠፋውን ጊዜ ለማስቀረት፣ ጎኑ ስድስት ሳንቲሜትር ከሦስት ሚሊሜትር ያህል የሆነ አንድ ታላቅ ቺፕ እንዲሠራ ፈለገ። በሲሊኮን ላይ ጉድለት መኖሩ አይቀርም፤ ትንሹ ቺፕ ቢበላሽ ይጣላል፣ ትልቁን ግን መጣል አይቻልም። ስለዚህ ለጉድለቱ ተጠባባቂ ክፍሎች ተጨመሩ። ተጠባባቂዎቹ ግን የታሰበውን ያህል አልረዱም፤ የሽቦው ንጣፎች እየተላቀቁ አስቸገሩ። በግንባታ ላይ የነበረውን ፋብሪካ ዝናብ ጎዳው። ባልደረባው በሕመም ሞተ። በ1984 ዓ.ም. ዕቅዱ ተተወ።

እዚህ ላይ ነገሩን በራሱ በአምዳል ሚዛን መመዘን ይቻላል። ኮምፒዩተሩ ቺፑን ይጠብቃል፣ ቺፑ ፋብሪካውን ይጠብቃል፣ ፋብሪካው ሰማዩን ይጠብቃል። በዚህ ሰንሰለት ላይ ገንዘብና ሰው መጨመር እርማቱን ያፋጥን ይሆናል እንጂ ሮስተሩን አላፋጠነም። የሥራን የማይካፈል ክፍል ከማንም አስቀድሞ የለካ ሰው በራሱ ሥራ ላይ ያለውን አሳንሶ ገመተው ማለት ፍርዱ ከባድ ነው፤ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። ሐሳቡ ከንቱ እንዳልነበረ ደግሞ ጊዜ መሰከረ፤ በ2019 ዓ.ም. ሴሬብራስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሙሉውን የሲሊኮን ገበታ አንድ ቺፕ አድርጎ ሠርቷል። በመካከሉ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏል። አምዳል ከትሪሎጂ በኋላም በ1987 እና በ1996 ዓ.ም. ሌሎች ኩባንያዎች አቋቁሟል፤ የቀድሞውን ያህል የተሳካለት ግን የለም።

ሕጉም ተቃዋሚ አላጣም። በ1988 ዓ.ም. ጆን ጉስታፍሰን የተባለ ሊቅ፣ በ1024 አንጎሎች ከሺህ እጥፍ የሚበልጥ ፍጥነት መገኘቱን ጠቅሶ፣ አምዳል የሥራውን መጠን እንደማይለወጥ አድርጎ ቈጥሯል አለ። ወደ ሮስተሩ ብንመልሰው፣ ዘጠና አራሚ ያገኘ ትምህርት ቤት ያንኑ አጭር ፈተና አይሰጥም፤ ረጅም ድርሰት ያስጽፋል። እርማቱ ዘጠና ሰዓት ይሆናል፣ የተማሪው ቁጥር ግን ያው ስለ ሆነ ሮስተሩ አንድ ሰዓት ነው። የዘጠና አንድ ሰዓቱ ሥራ በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ አርባ አምስት እጥፍ ተኩል ፈጠነ ማለት ነው። ሁለቱም ሊቃውንት እውነት ተናግረዋል፤ አንዱ ስለ ተወሰነ ሥራ፣ ሌላው ከሠራተኛው ጋር ስለሚያድግ ሥራ።

ከ2005 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የአንዱ አንጎል ፍጥነት እንደ ቀድሞው መጨመሩ ስለ ቆመ፣ በየኪሱ ያለው ስልክ እንኳ ብዙ አንጎል ይዞ ይሠራል። የ1967ቱ ሦስት ገጽም ከመዝገብ ቤት ወጥቶ የየቀኑ ሥራ ሆነ። ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት ሁሉ ከሥራው የትኛው እንደሚካፈልና የትኛው እንደማይካፈል አስቀድሞ መለየት አለበት። አምዳልም በ2013 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ፣ በአንድ የኮምፒዩተር መሐንዲሶች መጽሔት ላይ ስለ ሙያ ዘመኑና ስለ ሕጉ አመጣጥ እንደገና ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የልደት ቀኑ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በፓሎ አልቶ ከተማ ዐረፈ።